ክረምቱን ያልቻለው ሞንስቴራ፦ ከለገጣፎ ዳር አንድ የጉዳይ ጥናት

ይህ የቤት ውስጥ ተክል በግንቦት ከመንገድ ዳር ችግኝ መሸጫ ሲገዛ ሰባት ቅጠል ነበረው። ሰኔ ላይ ስምንተኛውን አወጣ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ግን አራቱ ቅጠሎች ወድቀው፣ አምስተኛው ቢጫ ሆኖ፣ ግንዱ ከአፈር ጋር በሚገናኝበት በኩል ጠቁሮ ነበር። ቤቱ ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ካሉት አዳዲስ የብሎኬት ቤቶች አንዱ ነው። ከፍታው ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ ባለ አንድ መስታወት የብረት መስኮት፣ ግቢው ጥቁር አፈር፣ ውሃው ደግሞ በፈረቃ መጥቶ ሮቶ የሚሞላ። የቤቱ እመቤት በየሦስት ቀኑ ሁለት ሁለት ሊትር ያጠጡ ነበር። "ውሃ አላጓደልኩበትም" ነው ያሉት፤ በእርግጥም አላጓደሉበትም።

ጉዳዩ ብርቅ አይደለም። ከሱሉልታ እስከ ሰበታ፣ ከቡራዩ እስከ ሰንዳፋ በየክረምቱ ይደገማል። ከስልክ ላይ የሚነበበው የእንክብካቤ ምክር አብዛኛው የተጻፈው ዓመቱን ሙሉ ቤቱ በማሞቂያ 20 ዲግሪ ለሚውል ሰው ነው። እኛ ዘንድ ማሞቂያ የለም፤ ሐምሌ ላይ የብሎኬት ቤት ውስጥ ጠዋት 15 ዲግሪ ከተገኘ ደግ ነው። በዚህ ብርድ ሞንስቴራ ውሃ እምብዛም አይጠጣም። ስለዚህ "በሳምንት ስንት ጊዜ ላጠጣ?" የሚለው ጥያቄ ከመነሻው የተሳሳተ ነው። መጠየቅ ያለበት አፈሩ ከጠጣ በኋላ ስንት ቀን እርጥብ ሆኖ እንደሚቆይ፣ በነዚያ ቀናትም ሥሩ አካባቢ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ነው።

ተክሉና አመሉ

ሞንስቴራ ከደቡብ ሜክሲኮ እስከ ፓናማ ባለው እርጥብ ደን የሚበቅል ሐረግ ነው። ከዘር ሲነሳ መሬት ለመሬት ወደ ጥላ ይሳባል፤ ጥላ ያለበት አቅጣጫ ብዙውን ጊዜ ትልቅ ዛፍ ያለበት ነውና። ዛፉን ካገኘ በኋላ በአየር ሥሮቹ እየተጣበቀ ወደ ብርሃን ይወጣል። ቅጠሉ የሚተልቀውም፣ ስንጥቅና ቀዳዳ የሚያወጣውም ሲወጣና ብርሃን ሲያገኝ ነው። ልጅ እያለ ቅጠሉ ድፍን ነው፤ "የተሸጠልኝ ሞንስቴራ አይደለም" ብሎ ከሻጭ ጋር የሚጣላ ሰው አይጠፋም፣ ተክሉ ግን ገና ልጅ ስለሆነ ነው።

ከኛው ጎደሬ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ጥሬ ጎደሬ አፍ የሚያሳክከው በውስጡ ባሉት መርፌ መሳይ የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች ሲሆን፣ ሞንስቴራም ያንኑ ይዟል። ነገር ግን በጎደሬ ለምዶ ሞንስቴራንም ውሃ ላይ ማስተኛት አይሠራም። ጎደሬ ረግረግ ይችላል፤ የሞንስቴራ ሥር የለመደው ከዛፍ ሥር የተከማቸ የቅጠልና የልጣጭ ብስባሽ ነው፣ ዝናቡ በላዩ ይወርዳል፣ ወዲያው ያልፋል፣ ክፍተቱን አየር ይሞላዋል። ሙቀቱ ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ቢሆን ይመቸዋል። ከ15 በታች እድገቱ ይጎተታል፣ ከ10 በታች ደግሞ ቅጠሉ መጎዳት ይጀምራል፤ ውርጭ ካገኘው ይሞታል።

የታዩት ምልክቶች

መጀመሪያ ሐምሌ ሲገባ የታች ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ። ቀጥሎ በቢጫው ላይ ሲነኩት ለስለስ የሚል፣ ዳሩ ቢጫ ቀለበት ያለው ጥቁር ቡናማ ነጠብጣብ ወጣ። ቅጠሉ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ይዝል ነበር። ከዚያ ቀደም፣ ሰኔ ላይ፣ ጠዋት ጠዋት በቅጠሎቹ ጫፍ ላይ የውሃ ጠብታ ይታይ እንደነበር እመቤቲቱ ያስታውሳሉ፤ "ላቡ ነው፣ ደስ ብሎታል" ተብሎ ታልፏል። ጠብታው በራሱ በሽታ አይደለም። አፈሩ ሌሊቱን ሙሉ በውሃ የተሞላ ለመሆኑ ግን ጥሩ ምስክር ነው። በፖቱ ዙሪያም ትናንሽ ጥቁር ዝንቦች ይበሩ ነበር።

የማይመስሉትን አስቀድሞ ማውጣት ያስፈልጋል። ውሃ ጥም ቢሆን ዳሩ ደርቆ የሚንኮሻኮሽ ቅጠል ይታይ ነበር። ፀሐይ ቢያቃጥለው በመስኮቱ በኩል ባለው ፊቱ ላይ የነጣ፣ ወረቀት የመሰለ ጠባሳ ይወጣ ነበር። ከቅጠሉ ጀርባ ድርም ቅርፊታም ተባይም አልተገኘም። የሚያሳስተው የናይትሮጅን እጥረት ነው፤ እሱም ከታች ቅጠል ይጀምርና ቢጫ ያደርጋል። ልዩነቱ በፍጥነቱና በቅጠሉ ጥንካሬ ላይ ነው። የተራበ ተክል በወራት ቀስ እያለ ይገረጣል፣ ቅጠሉም ቀጥ ብሎ ይቆያል። ሥሩ የበሰበሰ ግን በሳምንት በሁለት ሳምንት ይለወጣል፣ ቅጠሉም ይዝላል።

እዚህ ቤት ልዩነቱ ሳይታይ ቀረ። ጎረቤት መጥታ "እትዬ፣ ርቦት ነው እኮ፤ ትንሽ ዩሪያ ጣል ያድርጉበት" አለች፤ ለበቆሎ የተረፈ ዩሪያም ስለነበር አንድ እፍኝ ተበተነበት። አንድ እፍኝ ከ40 ግራም አያንስም። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ለፖት ተክል በአንድ ሊትር ውሃ ከ1 ግራም ማለፍ የለበትም፣ ያውም ለጤነኛ ሥር። በታመመ ሥር ላይ ሲበተን የቀረውን ሥር ያቃጥላል። ለእርሻ ጥሩ የሆነ ሁሉ ለፖት አይሆንም፦ በእርሻ ላይ አንድ ካሬ ሜትር የሚደርሰው ዩሪያ ከ10 እስከ 20 ግራም ገደማ ነው።

ፖቱ ሲገለበጥ

ፖቱ አፉ 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ የሲሚንቶ ፖት ነው፤ ወደ 40 ሊትር አፈር ይይዛል። ከችግኝ ጣቢያው በላስቲክ የመጣው የሥር ኳስ ግን ስፋቱ 14 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር። አፈሩ ከግቢው የተቆፈረ ጥቁር አፈር ነው። ከታች አምስት ሳንቲ ሜትር ጠጠር ተነጥፏል። የማፍሰሻ ቀዳዳው አንድ ሲሆን እሱም ፖቱ ሲቀባ በቀለም ተደፍኗል። ጠጠሩ ውስጥ ውሃ ተኝቷል፤ ጠረኑ አፍንጫ ያስይዛል።

ከላይ ደግሞ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል የቡና አተላ ነበር። ረከቦቱ ከአጠገቡ ስለሚቀመጥ፣ በረካው ካለቀ በኋላ የጀበናው ዝቃጭ በየቀኑ እዚያው ይደፋል። አተላ ለአፈር ጥሩ ነው የሚባለው በኮምፖስት ክምር ውስጥ ገብቶ ሲበሰብስ ነው። ፖት ላይ ሲደፋ ይጋገራል፣ አየር ይከለክላል፣ ይሻግታል፣ ትናንሾቹ ጥቁር ዝንቦችም እንቁላላቸውን የሚጥሉት እዚያ ነው። እጮቻቸው ቀጫጭኑን ሥር ይበላሉ።

ጠጠሩ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው "ውሃው እንዲወርድ" ብሎ ያደርገዋል። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም። የደቃቁ አፈር ጥቃቅን ቀዳዳ ውሃውን ይዞ ያስቀረዋል፤ ከታቹ ያለው የአፈር ሽፋን ሙሉ በሙሉ ካልጠገበ በቀር ጠብታ አይለቅም። ጠጠር ሲነጠፍ ይህ ሁልጊዜ የሚርሰው ሽፋን አይጠፋም፣ ከፖቱ ወለል ተነስቶ ወደ ሥሩ ይጠጋል እንጂ። በዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ማየት ይቻላል። ስፖንጁን ውሃ አጥግቦ በጠፍጣፋው ይዞ መንጠባጠቡ እስኪያቆም መጠበቅ፤ ከዚያ በቁመቱ ማዞር። እንደገና ውሃ ይወርዳል። ስፖንጁ ያው ነው፣ የተለወጠው ቁመቱ ነው። ሰፊና አጭር ፖት ከጠባብና ረጅም ፖት ይልቅ ውሃ የሚያስቀረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥቁሩ አፈር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ላይ ላዩ ቶሎ ስለሚሰነጠቅ "ደረቀ" ያሰኛል፤ አሥር ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ግን ጭቃ ነው። እመቤቲቱ በየሦስት ቀኑ ያጠጡት ስንጥቁን እያዩ ነበር። የችግኝ ጣቢያው አፈር አሸዋና ብስባሽ ያለበት፣ የላላ ነው። ይህን የላላ ኳስ በጥቁር አፈር መሃል መቅበር ውሃ በሚይዝ ጉድጓድ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ውሃው ወደ ላላው ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም።

ከሥሩ ሁለት ሦስተኛው ሄዷል። ጤነኛ የሞንስቴራ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ቡናማ ነው፤ በጣት ሲሳብ ልጣጩ ሙሉውን ይወልቅና መሃሉ ላይ ቀጭን ክር ይቀራል። ሥር ከሚያበሰብሱት ተሕዋስያን መካከል ፒቲየምና ፋይቶፍቶራ በውሃ ውስጥ የሚዋኙ ጥቃቅን ዘሮች አሏቸው፤ አፈሩ ውሃ ካዘለ ከአንዱ ሥር ወደ ሌላው ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይወስድባቸውም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በአፈሩ ውስጥ የገባ ቴርሞሜትር 13 ዲግሪ አሳይቷል፤ የክፍሉ አየር ግን 16 ነበር። ሴራሚክ ወለል ላይ የተቀመጠ እርጥብ የሲሚንቶ ፖት ከክፍሉ ይቀዘቅዛል፦ ከታች ወለሉ፣ ከጎን የሚተነው ውሃ ሙቀቱን ይወስዱበታል። በቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ሥር ውሃ የመሳብ አቅሙ ይቀንሳል፣ ስለዚህ አፈሩ የባሰ እርጥብ ሆኖ ይከርማል፣ የባሰም ይቀዘቅዛል።

ምን ተደረገ

መጀመሪያ ጓንት። የሞንስቴራ ፈሳሽ ቆዳ ያሳክካል፤ ዓይን ከነካ ደግሞ ከባድ ነው። የወደቁትና የተቆረጡት ቅጠሎች በላስቲክ ታስረው ወደ ቆሻሻ ሄዱ። ግቢው ውስጥ በግ ታስሮ ስለነበር ይህ ተራ ጥንቃቄ አይደለም፤ "ቅጠል ነው" ተብሎ ቢጣልለት አፉን ይለበልበዋል። ለሚድሕ ልጅም ያው ነው።

አፈሩ በሙሉ ከሥሩ ላይ ለብ ባለ ውሃ ታጠበ። ዩሪያው ስላለበት ከአሮጌው አፈር ምንም አልተመለሰም። የበሰበሰው ሥር እስከ ጠንካራው ድረስ ተቆረጠ፤ መቀሱ ከእያንዳንዱ ቆረጣ በኋላ በ70 በመቶ አልኮል ተጠረገ። ከኮቪድ ወዲህ ሳኒታይዘር የሌለው ቤት የለም፣ ነገር ግን ጄል የሆነው መቀስ ላይ ስለሚጣበቅ ፈሳሹ ይሻላል። የጠቆረው የግንዱ ጎን በቢላ ሲፋቅ ሦስት ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ነጭና ጠንካራ ሥጋ ተገኘ። ያ ባይገኝ ኖሮ መንገዱ ሌላ ነበር። ጥቁረቱ ግንዱን ዙሪያውን ከያዘው ከጥቁረቱ በላይ ሁለት አንጓ ከፍ ብሎ መቁረጥና የላዩን ክፍል ከአየር ሥሩ ጋር እንደ አዲስ ማሥረጽ ይሻላል። አንጓ የሌለው ቅጠል ብቻውን ውሃ ውስጥ ቢከርም ሥር ሊያወጣ ይችል ይሆናል እንጂ ተክል አይሆንም። እዚህ አንድ ሦስተኛ ጤነኛ ሥር ስለቀረ ጫፉ አልተቆረጠም፤ በ15 ዲግሪ ክፍል ውስጥ የተቆረጠ ጫፍ ሥር እስኪያወጣ ሁለት ወር ሊፈጅ ይችላል፣ ያለው ሥር ከዚያ ይቀድማል። ሦስቱ ጤነኛ ቅጠሎችም አልተነኩም። "ሥሩ ስለቀነሰ ቅጠሉም ይቀነስ" የሚሉ አሉ፤ አዲስ ሥር የሚሠራበትን ምግብ የሚያዘጋጀው ግን ቅጠሉ ነው።

ፖቱ የ5 ሊትር ቢጫ የዘይት ጀሪካን ሆነ። አንገቱ ተቆርጦ፣ ዘይቱ እስኪለቅ በፈላ ውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ በበረኪና ተጠርጎ (አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ)፣ ከታቹና ከታችኛው ጎኑ በጋለ ሚስማር ስምንት ቀዳዳ ተበሳ። ከስፋቱ ቁመቱ ይበልጣል፣ ለዚህ ሥር ይበቃል፣ ዋጋ የለውም። ፕላስቲኩ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ውስጡ አረንጓዴ እንዳይሆን በጨርቅ ተጠቀለለ። 45 ሳንቲ ሜትሩ ፖት ለጊዜው ግቢ ወጣ።

ድብልቁ በጣሳ ሲለካ አራት እጅ ቀይ አሽ (ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የእሳተ ገሞራ ጠጠር)፣ ሦስት እጅ የከረመ የፈረንጅ ጥድ ልጣጭ፣ ሁለት እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ የከሰል ስብርባሪ። ቀይ አሹ በግንበኛ የአሸዋ ወንፊት ተነፍቶ ያለፈው ደቃቅ ተጣለ፤ ከቀረው ላይ ከባቄላ ፍሬ የሚተልቀው ተለቀመ፤ የተረፈው ውሃው እስኪጠራ ታጠበ። ደቃቁ ካልወጣ ቀይ አሽ መጨመር ትርጉም የለውም፣ ክፍተቱን መልሶ ይደፍነዋል። ልጣጩ ከእንጨት ቤት የተገኘና ቢያንስ ስድስት ወር ክምር ላይ የቆየ መሆን አለበት። ትኩስ ሰጋቱራ ለዚህ አይሆንም፤ ሲበሰብስ ከተክሉ ናይትሮጅን ይሻማል፣ ውሃ ሲይዝም ይጣበቃል። የባሕር ዛፍ ልጣጭ ደግሞ የሌላን ተክል እድገት የሚከለክል ነገር ስላለው ተተወ።

ኮምፖስቱ ብቻ በእንፋሎት ተመታ፦ በአሮጌ ድስት፣ ከሥሩ ውሃ፣ በላዩ ወንፊት፣ እንፋሎቱ ከወጣ በኋላ 30 ደቂቃ። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የዝንብ እጭንና አብዛኛውን የበሽታ ዘር ለመግደል ከ70 እስከ 80 ስለሚበቃ ቅናሹ አይጎዳም። እስኪቀዘቅዝ አንድ ቀን አደረ።

ሲተከል ግንዱ ከቀድሞው ጠልቆ አልተቀበረም። በእጅ አልተጠቀጠቀም፤ ጀሪካኑን ሁለት ሦስት ጊዜ መሬት ላይ መታ መታ ማድረግ ይበቃል። ላዩ ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ደረቅ ቀይ አሽ ተነጠፈ፣ ዝንቦቹ ማረፊያ እንዲያጡ። ከጀሪካኑ የተቆረጠው ቢጫ ቁራጭም አልተጣለም፤ ቫዝሊን ተቀብቶ በስንጥር አፈሩ ላይ ተተከለ። ዝንቦቹን ቢጫ ቀለም ይስባቸዋል፣ ቫዝሊኑ ይይዛቸዋል። ጨርሶ አያጠፋቸውም፣ እየቀነሱ መሆናቸውን ግን በየሳምንቱ ቆጥሮ ማወቅ ያስችላል።

ቦታውና ብርሃኑ

ተክሉ የነበረው ከመስኮቱ አራት ሜትር በሚርቅ የሳሎን ማዕዘን ነበር። በስልክ የብርሃን መለኪያ በደመናማ ቀን እኩለ ቀን ላይ 150 ሉክስ አካባቢ ተነበበ። የስልክ መለኪያ ትክክል ባይሆንም ለማወዳደር ያገለግላል፤ ከምሥራቁ መስኮት አንድ ሜትር ላይ ያው ስልክ ከ2,000 በላይ አሳየ። የሰው ዓይን ይህን ልዩነት አያየውም፣ ተክሉ ግን በማዕዘኑ ውስጥ የሚጠጣበት ምክንያት አልነበረውም።

ስለ መስኮት አቅጣጫ ከውጭ የሚመጣው ምክር እዚህ በግማሽ ብቻ ይሠራል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ ስለዚህ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፣ በቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል። የደቡብ መስኮት ክረምት ላይ ቀጥታ ፀሐይ አያይም፤ ጥቅምት ሲገባ ግን በዚህ ከፍታ የሚወርደው ጠራራ ቅጠል ያቃጥላል። የምሥራቅ መስኮት ዓመቱን ሙሉ ያው ነው፦ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ለስላሳ ፀሐይ፣ ከዚያ ጥላ። ከመስከረም በኋላ ስስ መጋረጃ ተጨመረበት።

ጀሪካኑ በምሥራቁ መስኮት አጠገብ አምስት ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው የጣውላ መደብ ላይ ተቀመጠ። ወለሉን ስላልነካና ድብልቁም ውሃ ስላላዘለ፣ የጠዋቱ የአፈር ሙቀት ከ13 ወደ 16 ዲግሪ ወጣ። ሦስት ዲግሪ ለዚህ ተክል ብዙ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ነጭ ላስቲክ በሦስት ስንጥር ተወጥሮ ተሸፈነ፣ በቀን አንዴ አሥር ደቂቃ እየተከፈተ፤ ሥር የጎደለው ቅጠል ውሃ እንዳያጣ ነው። ቅጠል ላይ ውሃ መርጨት አልተደረገም። የተረጨው ውሃ በደቂቃዎች ይተናል፣ በብርድ ወቅት ደግሞ ነጠብጣቡን ያስፋፋል።

ማጠጣት በሚዛን

ቀን መቁጠር ቀረ። ጀሪካኑ ጠጥቶ ውሃው ካንጠባጠበ በኋላ በማድ ቤት ሚዛን 3.4 ኪሎ መዘነ፤ 2.7 ሲደርስ ይጠጣል። ሚዛን የሌለው ሰው ቀጭን የባሕር ዛፍ ስንጥር እስከ ታች ሰክቶ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ያውጣው፤ የታችኛው ሲሶ ብቻ ረጥቦ ከወጣ ሊጠጣ ደርሷል፣ ከዚያ በላይ ከረጠበ ይቆይ። ሲጠጣ ከሥር እስኪወጣ ድረስ ነው፤ ሰሃኑ ላይ የተጠራቀመው በሩብ ሰዓት ውስጥ ይደፋል። በነሐሴና በመስከረም ከ9 እስከ 12 ቀን ይቆይ ነበር፣ በየጊዜውም ከ700 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። ከዚያ በፊት በየሦስት ቀኑ ሁለት ሊትር ይገባ እንደነበር ልብ ይሏል።

የሮቶ ውሃ ጠዋት ጠዋት በረዶ ነው። ማታ በሃይላንድ ተቀድቶ ቤት ውስጥ ካደረ በኋላ ይጠጣል። የጉድጓድ ውሃ ባለበት ሰፈር ቅጠሉና ፖቱ ላይ ነጭ ጨው ከታየ፣ በወር አንዴ የፖቱን ሁለት እጥፍ ውሃ በላዩ አፍስሶ ማጠብ ነው። የዝናብ ውሃም ይሆናል፣ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች የቆርቆሮውን አቧራ ካጠቡት በኋላ።

ከዚያ በኋላ

በመጀመሪያው ወር አንድ ቅጠል ተጨማሪ ጠፋ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ብዙ ሰው ግን እዚህ ላይ ይደነግጥና እንደገና ፖት ይለውጣል፣ አዲሱን ሥር ይበጥሳል። ሁለት ቅጠል ይዞ መስከረም መጨረሻ ላይ ትንሽ፣ ድፍን ቅጠል አወጣ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ምንም አልታየም፤ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች በሚወርድበት ወቅት የምሽቱ ጉዳይ ከመስኮቱ 60 ሳንቲ ሜትር ማራቅና ቅጠሉ መስታወት እንዳይነካ ማድረግ ብቻ ነበር።

ጥር ላይ አየሩ ሲደርቅ የቅጠሉ ፊት በጥቃቅን ነጭ ነጥቦች ተሸፈነ፣ ከጀርባውም ስስ ድር ተገኘ፦ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ደቃቅ ተባይ። ቅጠሎቹ ሁለቱም ፊታቸው በውሃ ከታጠቡ በኋላ በአንድ ሊትር ውሃ 5 ሚሊ ሊትር የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ተረጨ፤ በየአምስት ቀኑ አራት ጊዜ፣ ፀሐይ ሳይመታው። መደጋገሙ ግድ ነው፣ ሳሙናው እንቁላሉን አይገድልም። የልብስ ዱቄት ሳሙና ግን ቅጠሉን ስለሚያቃጥል አይሞከርም። በዚህ ወቅት ውሃ የሚጠጣበት ጊዜ ወደ ስድስትና ሰባት ቀን አጥሮ ነበር።

የካቲት ላይ ሥሩ በቀዳዳዎቹ ሲወጣ ወደ 22 ሳንቲ ሜትር ፖት ተዛወረ፤ ድብልቁ ያው ነው፣ ምሰሶም ያኔ ገባ። ምሰሶው አራት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የባሕር ዛፍ አጣና ሲሆን እስከ ፖቱ ወለል ተተክሏል። ለአጥር የተዘጋጀ አጣና ምስጥ እንዳይበላው ያገለገለ የሞተር ዘይት ስለሚቀባ ከዚያ ክምር መውሰድ አይገባም። መጠቅለያው የቡና ጆንያ ነው፣ ቡና ለውጭ ገበያ የሚላክበት የ60 ኪሎው። ዛሬ በየቤቱ ያለው ማዳበሪያ ከረጢት የፕላስቲክ ክር ስለሆነ ውሃ አይዝም፣ የአየር ሥሩም አይጣበቅበትም። ጆንያው በሲባጎ ታስሮ በየሁለት ቀኑ ይረጥባል። የሚታሰረው ግንዱ ነው፣ የቅጠሉ ዘንግ አይደለም፤ ዘንጉ ወደ ብርሃን መዞር ይፈልጋል። የአየር ሥሩ የሚወጣበት የግንዱ ጀርባ ወደ ምሰሶው መዞሩንም ማየት ያስፈልጋል፤ በተቃራኒው ከታሰረ ሐረጉ ከምሰሶው ይሸሻል።

ማዳበሪያ የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። 20-20-20 የሚባለው የሚሟሟ ማዳበሪያ (ናይትሮጅን፣ ፎስፌትና ፖታሽ እያንዳንዳቸው 20 በመቶ)፣ በአንድ ሊትር ውሃ ግማሽ ግራም፣ በአራት ሳምንት አንዴ፣ እርጥብ አፈር ላይ። ኤንፒኤስ የሚባለው የእርሻ ማዳበሪያ አልተመረጠም፤ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌትና 7 በመቶ ድኝ አለው፣ ፖታሽየም ግን የለውም፤ ፍሬውም ቶሎ አይሟሟም።

መጋቢት ላይ የወጣው ቅጠል በአንድ ጎኑ አንድ ስንጥቅ ነበረው። የሚያዝያው ወርዱ 26 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ሦስት ስንጥቅ ይዞ ተዘረጋ፣ ሁለት የአየር ሥሮችም ጆንያው ውስጥ ገብተዋል። ለመጪው ክረምት የተያዘው እንዲህ ነው፦ ማዳበሪያው ሰኔ መጨረሻ ላይ ይቆማል፣ ሐምሌና ነሐሴ ምሰሶው በሳምንት አንዴ ብቻ ይረጥባል፣ አዲሱ ፖት ጠጥቶና ደርቆ ተመዝኖ ሁለቱ ቁጥሮች በጀርባው ላይ በማርከር ይጻፋሉ። የሲሚንቶው ፖት ቀለሙ ተወቅሮ ቀዳዳው ተከፍቷል፤ ጥቁሩ አፈር ወደ ጓሮ ሄዶ ጎመን ተተክሎበታል።